ንፋስ የሚለካው መሃረብ

መብራት በጠፋ ቁጥር አዲሷ ተከራይ በመስኮቷ ብቅ ትላለች። ክርኑ የተጣፈ ካፖርት የሚለብሱት ሽማግሌ ትንሿን ጄኔሬተራቸውን እንደ እምቢተኛ በግ እየጎተቱ ግቢው መሃል ያደርሷታል። ቶሎ ግን አያስነሷትም። መጀመሪያ ከደረት ኪሳቸው ጠርዙ በቀይ አበባ የተጠለፈ መሃረብ አውጥተው ከፍ ያደርጋሉ። ንፋሱ ከግቢው ማዶ ወደምትኖረው አሮጊት መስኮት ከወሰደው፣ ጭሱ እንዳይደርስባት ጄኔሬተሯን አዙረው እንደገና ይለካሉ። ከዚያ አስነስተው ሽቦውን ለአሮጊቷ ያቀብላሉ። የራሳቸው ቤት ድቅድቅ ጨለማ ነው።

ዛሬ ተከራይዋ አላስችል ብሏት ወረደች።

"አባባ፣ ለራስዎም አንድ አምፖል ቢሰኩ ምን አለበት?"

"እኔና ጨለማ ተላምደናል፣ ልጄ። እሷ ግን ያለ መተንፈሻ ማሽኗ ትንፋሽ ያጥራታል። ይቺ ጄኔሬተር ደግሞ አቅሟ ለአንድ ቤት ብቻ ነው።"

"እህትዎ ናቸው?"

"ጎረቤት ናት" አሉና መሃረቡን በቀስታ አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

ሽቦውን ለመቀበል አንዲት የቀጠነች እጅ መጋረጃውን ገለጥ አደረገች። የመጋረጃው ጠርዝ በዚያው ቀይ አበባ ተጠልፏል፤ መሃረቡ ግን ከመጋረጃው በብዙ ዓመት ያረጀ ነበር።