ቀይ ጨርቅ የታሰረላት

ልብስ ሰፊዋ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ቲማቲም አድንቃ አታውቅም፤ ምክንያትም አልነበራት። ከጋራ ሕንፃው ጀርባ፣ ድሮ ቆሻሻ ይጣልበት በነበረው መሬት ላይ፣ ጎረቤቶቹ ተባብረው ካወጧቸው ሃያ መደቦች ውስጥ የእሷን የሚያህል አልነበረም። እኔ ለእሷ አድልቼ አይደለም፤ ቀዩ ጨርቅ ይመስክር።

ደንባቸው እንዲህ ነበር። በየዓመቱ ቲማቲሙ ሲቀላ ሁሉም ይወጡና ከሃያው መደብ አንድ ተክል ይመርጣሉ። በተመረጠው ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰራል፤ ሦስት ፍሬ ይተውለታል፤ ማንም እጁን አይሰድም። ፍሬው እዚያው በደንብ ከበሰለ በኋላ ዘሩ ታጥቦ፣ ጋዜጣ ላይ ደርቆ፣ ለሃያው ቤት ይታደላል። ከርሞ የሚዘራው እሱ ነው። ጨርቁን ከደንበኞቿ ቀሚስ ከተረፈ ቁራጭ የምትቆርጠው ሰፊዋ ነበረች። ስድስት ዓመት በተከታታይ ራሷ ቆርጣ፣ የራሷ መደብ ላይ ሲታሰር አየች።

በስድስተኛው ዓመት አዋላጇ መጣች። ምድር ቤቱን የተከራየች፣ ከሰፊዋ አሥር ዓመት የምታንስ፣ የተከለችው ሁሉ የሚጸድቅላት ሴት ናት። አንድ ቀን ሰፊዋና ባሏ ራት ላይ ሳሉ ባልየው አዋላጇ የሰጠችውን ቲማቲም እያጣጣመ፣

«ይህች ልጅ እኮ ልጅም ችግኝም ማዋለድ ታውቅበታለች!» አለ።

ሰፊዋ ሳህኑን ከፊቱ አነሳችው።

«አልጨረስኩም እኮ!»

«ጠግበሃል።»

ቅናት ለአጥንት ነቀዝ ነው ሲባል እየሰማች ነው ያደገችው። መስማት ግን መከላከል አይደለም፤ ነቀዙ ገባ። አዋላጇ ስትስቅ ያማታል። ሰው «እጅሽ ይባረክ» ሲላት አንጀቷ ያርራል። በተከታዩ ዓመት የዘር ጊዜ ሲደርስ፣ የጋራውን ዘር መሳቢያ ውስጥ ጥላ ገበያ ወረደችና የታሸገ ገዛች፤ ማሸጊያው ላይ የልጅ ጭንቅላት የሚያህል ቲማቲም ተስሏል። ለባሏም አልነገረችውም። መሳቢያ ውስጥ የተጣለውን ዘር ደግሞ አይጥ ጨረሰው፤ እሷም እሰይ አለች።

የገበያው ዘር ቁመት አወጣ፣ ቅጠል አወጣ፤ ፍሬ ላይ ሲደርስ ሰነፈ። በዚያው ሰሞን በሽታ ገባና የየመደቡ ቲማቲም ከነፍሬው እየጠቆረ ወደቀ። ከአዋላጇ መደብ አንድ ተክል ከነሦስት ፍሬው፣ ከሰፊዋም ጥቂት ሚጢጢ ፍሬ ብቻ ተረፈ። አዋላጇ ከሌሊት ሥራዋ ስትመለስ፣ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር፣ ከሥር ከሥሩ የታመመውን ቅጠል ትለቅም ነበር።

ምርጫው ክርክር አላስፈለገውም። የአትክልቱ ሰብሳቢ፣ ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሾፌር፣ «በይ እንግዲህ፣ ጨርቅሽን አምጪ» አላት ሰፊዋን። አመጣች፤ ዘንድሮ ጠበብ አድርጋ ነው የቆረጠችው። «እንኳን ደስ አለሽ» አለች ከአንገት በላይ፣ ቋጠሮውንም ራሷ ቋጠረች።

በሦስተኛው ቀን፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ አዋላጇ ከሥራ ሳትመለስ፣ ሰፊዋ ወደ መደቡ ወረደች። ለማየት ብቻ ነው ብላ ራሷን አታለለች። አንዱን ቆርጣ ገመጠችው። ጣፈጠ! ያበሳጫትም መጣፈጡ ነው። ሁለተኛውን በንዴት በላች። ሦስተኛውን ለምን እንደበላችው እስከ ዛሬ አታውቅም። አፏን በእጅጌዋ ጠርጋ ወደ ቤቷ ወጣች።

ረፋዱ ላይ ጉድ ፈላ። ሃያው ቤት ባዶውን ግንድ ከቦ ቆመ።

«አይጥ ነው» አለች ሰፊዋ ማንም ሳይጠይቃት። «ትናንት በዓይኔ አይቻለሁ።» የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ።

«ያምናውን ዘር እንደሆን ሁላችንም ዘርተን ጨርሰናል» አለ ሾፌሩ፣ ራሱን እየነቀነቀ።

አዋላጇ ከሥራ ስትገባ ነገሩን ሰማች። ቀጥታ መጥታ የሰፊዋን እጅ ያዘች።

«እትዬ፣ አይዘኑ። ይሄ እኮ የእርስዎ ዘር ነው፤ ከእርስዎ ተክል የወጣ፣ አምና የታደልኩት። እኔ ቅጠል ከመልቀም በቀር ምን ሠራሁ? እርስዎ መደብ ላይ አንድ ፍሬ ካለ ዘራችን አልጠፋም።»

የሃያው ቤት ዓይን ወደ ሰፊዋ መደብ ዞረ። የቀናችበት ቲማቲም የገዛ ራሷ ነበር። ስድስት ዓመት ካወጣችው ዘር የመጨረሻው አሁን ሆዷ ውስጥ ነው።

«የእኔ... የገበያ ነው» አለች። «አይጥም አልበላውም። እኔ ነኝ የበላሁት።»

«አንቺ ሴትዮ!» አለ ባሏ።

«ጣፈጠ ግን?» አለች አዋላጇ።

«ጣፈጠ።»

«በሉ፣ ከርሞ አብረን እንደ አዲስ እንጀምራለን» ብላ አቀፈቻት።

ሾፌሩ ባርኔጣውን አወለቀ። «ደግ ልብ ማለት ይህ ነው!» አለ። «ምን ዓይነት ሰው ናት!» አሉ ሴቶቹ፤ የሰፊዋ ባል ሳይቀር ዓይኑን ጠረገ። ሰፊዋ የአዋላጇ ትከሻ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እፍረቷ የእውነት ነበር፣ ጸጸቷም የእውነት ነበር። ምስጋናው ግን ከግራም ከቀኝም ለሌላዋ ሲዘንብ ስትሰማ፣ ያ የምታውቀው ነቀዝ እንደገና ነቃባት።

«ይሄንንም በለጠችኝ» አለች በሆዷ።