ለናሙና የመጣው የዋንዛ ወንበር

መሞታቸውን የሰማሁት ጨረታ ልንከፍት ስንል ነው። ካዛንቺስ ያለው መሥሪያ ቤታችን ወንበር በገዛ ቁጥር እኚህ ሽማግሌ አናጢ ከበሩ አጠገብ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። ከቡኒ ኮታቸው እጅጌ የእንጨት ብናኝ አይጠፋም፤ ፖስታቸውን የሚሰጡን በሁለት እጃቸው ነው።

ለአገር ውስጥ ምርት ቅድሚያ የሚሰጠው የአምራችነት ማስረጃ ሲያያዝ እንደሆነ ስነግራቸው ይስቃሉ።

«ልጄ፣ ወንበሩን ገልብጠሽ እዪው። ዋንዛ በመርከብ ይመጣል እንዴ?»

ሦስት ጊዜ ያለ ማስረጃ ተጫርተው ከውጭ በመጣ ወንበር ተሸነፉ። ባለፈው ግን አልሳቁም።

«ሠራተኞቼን አሰናበትኩ» አሉኝ። «ወረቀቱን የሚሰጡት የት ነው?»

«ጠይቄ እደውልልዎታለሁ» አልኳቸው።

አልጠየቅኩም። ለናሙና ያመጡት ወንበር እስካሁን ግምጃ ቤታችን ውስጥ ነው፤ ለቤተሰባቸው አልመለስነውም።