የግራው መስኮት

ሜልተን ጋራዥ ውስጥ ተራዬን ስጠብቅ ያየኋት ሴትዮ ናት። አዲሱ የባሕር ዳርቻ ባርኔጣዋ ላይ የዋጋው ወረቀት እንደተንጠለጠለ ነው። ስልኳ ላይ የባሕር ዳርቻ ከተሞቹን የቶርኬይንን የሎርንን፣ ከዚያም በመንገዱ ያሉትን የወይን እርሻዎች ፎቶ እየከፈተች ለብቻዋ ታንሾካሹካለች። እኔ ከቤቴ እስከምሠራበት የክሬጊበርን መጋዘን ካልሆነ መንገድ የማላውቀው ሰውዬ በቅናት አረርኩ። ባርኔጣዋን ሳይቀር ጠመድኩት።

«ጎማውን ልየው፣ እትዬ?» አላት መካኒኩ።

«ጎማው ደህና ነው። የግራው መስኮት ነው አልከፈት ያለኝ። እኔ በቀኝ ሆኜ ስነዳ፣ ባሕሩ ባለቤቴ በሚቀመጥበት በግራ በኩል ነው።»

«ፎቶ ሊያነሱ ነው?»

«ዓይኑ አያይም እኮ፣ ልጄ። ነፋሱ ፊቱን ይንካው፤ የቀረውን እኔ እነግረዋለሁ።»

ቅናቴ አልበረደም። ከባሕሩ ወደ ባሏ ዞረ።