ፀሐዩ ሃንኮው

ፀሐዩ ክፍሉ በሚያመልክበት የሲልቨር ስፕሪንግ የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን ሦስት ፀሐዩዎች አሉ። አንዱ ረጅሙ ፀሐዩ ነው፣ አንዱ ኪቦርድ የሚጫወተው ፀሐዩ ነው፣ እሱ ደግሞ ፀሐዩ ሃንኮው ነው። ቅጽል ስሙን ያወጣለት ሌላ ሰው አይደለም። በገዛ አፉ ያመጣው ነው፤ አንድን ቃል ሃያ አምስት ዓመት በየእሁዱ የደጋገመ ሰው በቃሉ ቢጠራ ማንን ይከሳል?

ሃንኮው ቻይና ውስጥ፣ ዉሃን በምትባል ከተማ፣ በያንግትዜ ወንዝ ዳር የተዘረጋ ሰፈር ነው። ፀሐዩ ደርግ ሊወድቅ ሁለት ዓመት ሲቀረው በስኮላርሺፕ ወደዚያች ከተማ ሄዶ አምስት ዓመት የውሃ ምህንድስና ተምሯል። እስከዚህ ያለው እውነት ነው። የቀረውን ዛሬ ሲያወራው እየሳቀ ነው፤ የሚስቀውም በራሱ ነው።

የውሃ ምህንድስናው አሜሪካ ሲደርስ ሻትል መንዳት ሆነ። አሌክሳንድሪያ ባለ አንድ ሆቴል ተቀጥሮ ከሜትሮ ጣቢያ እስከ ወንዙ ዳር፣ ከወንዙ ዳር እስከ ሜትሮ ጣቢያ ሰው ያመላልሳል። ከትምህርቱ የተረፈው ነገር ቢኖር ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል የትኛው መንገድ ውሃ እንደሚይዝ አስቀድሞ መናገር ነው። እሱንም የትኛውም ሹፌር ያውቀዋል። እንግዶቹ በመስኮት ፖቶማክን አይተው «ሲያምር!» ሲሉ ግን ፀሐዩ ዝም ማለት አይሆንለትም። «ይሄም ወንዝ ተብሎ!» ይላቸዋል። «የኛን ያንግትዜ ብታዩት!» አንዴ አንድ እንግዳ ኢንተርኔት ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ ሹፌሩ ስለ ቻይና ብዙ አስተማረን፤ እራት የት እንደሚበላ ግን አልነገረንም። ማናጀሩ ጠርቶ አነበበለት። ፀሐዩ ከሁለቱ የሰማው የመጀመሪያውን ብቻ ስለነበር አመሰግናለሁ ብሎ ወጣ።

እውነቱን ለመናገር ሲተርክ ይችልበታል። እንግሊዞች በጦርነት አስገድደው እንዴት ወንዙ ዳር መሬት እንደያዙ ያወራል፤ ከዚያ ጀርመኖች፣ ሩሲያዎች፣ ፈረንሳዮችና ጃፓኖች እንዴት ተከታትለው እንደመጡ። አምስት አገር በአንድ የወንዝ ዳር ተሰልፎ፣ እያንዳንዱ የራሱን ፖሊስና የራሱን ባንክ ይዞ። ሩሲያዎቹ ሻይን እንደ ጡብ ጠፍጥፈው ወደ አገራቸው ይጭኑ ነበር። ከነዚያ ቱባ ቱባ ሕንፃዎች ጀርባ ደግሞ ሰፈርተኛው ተፋፍጎ የሚኖርባቸው ጠባብ መንደሮች አሉ፣ የድንጋይ በር ያላቸው። በሙቀቱ ወራት ቤት ውስጥ ስለማይተኛ ጎረቤት ሁሉ የቀርከሃ አልጋውን ደጅ አውጥቶ ጎን ለጎን ይጋደማል። የሃንኮው ሰው ሲጨዋወት የተጣላ ይመስላል፤ ቁርሱን፣ በተፈጨ ሰሊጥ የታሸውን ኑድል፣ ቆሞ ወይም እየሄደ ይበላዋል፤ ወንዙም ሲሞላ አይምርም። በ1931 እ.ኤ.አ. ሰው ከሱቅ ወደ ሱቅ የሚሄደው በጀልባ ነበር። ፀሐዩ ይህን ሁሉ የሚናገረው «እኛ» እያለ ነው። «እኛ ሃንኮዎችን ጎርፍ አያስደነግጠንም» ይላል፤ ያኔ እናቱም አልተወለዱም።

ፀሐዩ ሃንኮው ውስጥ አንድ ሌሊት አድሮ አያውቅም። ዩኒቨርሲቲው ከወንዙ ማዶ፣ ዉቻንግ በሚባለው በኩል ነበር። በአምስት ዓመት ውስጥ ሃንኮውን በእግሩ የረገጠው አራት ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ወር በጀልባ ተሻገረና ባለ ትልቅ ሰዓቱ የጉምሩክ ሕንፃ ፊት ቆሞ ፎቶ ተነሣ፤ ጀርባው ላይ «ሰፈሬ» ብሎ ጽፎ ደብረ ብርሃን ለእናቱ ላከው። ዛሬ አሌክሳንድሪያ ወደቡ ላይ የሰው ጀልባ ተደግፈው ፎቶ የሚነሡ የአገሩን ልጆች ሲያይ አይፈርድባቸውም። እነሱ የተደገፉት ጀልባ ነው፤ እሱ የመንግሥት ጉምሩክ ነበር የተደገፈው።

ውሸቱ ያደገው አሜሪካ ነው፣ ያውም በምስክርነት ጊዜ። በዲቪ በመጣ በመጀመሪያው ዓመት መድረክ ላይ ወጥቶ «ሃንኮውን አይቻለሁ» አለ። በሁለተኛው ዓመት «ሃንኮው እመላለስ ነበር» አለ። በአምስተኛው «ሃንኮው ስኖር» ብሎ ሲጀምር ማንንም ቅር አላለውም፣ እሱንም ጭምር።

ነገሩን ያባባሰው ሕንፃው ነው። ሕንፃው የቻይናዎች ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እነሱ ጠዋት ያመልኩና አማርኛው ጉባኤ ከሰዓት በኋላ ይከራያል። ስለ ወንበር፣ ስለ ወጥ ቤት ሽታ፣ ስለ ፓርኪንግ የሚነጋገር ሰው ሲፈለግ ሽማግሌዎቹ አንድም ደቂቃ አላመነቱም። ፀሐዩ ተመረጠ። በዚያ በኩል የሚያነጋግረው ሚስተር ሊን የሚባል ዲያቆን የሆንግ ኮንግ ሰው ስለሆነ የቻይንኛው ዓይነት ሌላ ነው፤ ሁለቱ ፓርኪንጉ መሐል ቆመው የሚነጋገሩት በእንግሊዝኛ ነበር። ዋናው ሽማግሌ አቶ በፈቃዱ ግን ከበሩ ሆነው በሩቁ ያዩና «ጌታ እንዴት ያለ ልሳን ሰጠው!» ይላሉ። ፀሐዩ አላረማቸውም። ትሕትና መስሎት ነበር።

ባለፈው ዓመት ሚስተር ሊን እዚያው ፓርኪንግ ውስጥ ክንዱን ይዞ አንድ ነገር ነገረው። ወይዘሮ ዌን የሚባሉ አሮጊት ጌይተርስበርግ ካለው ልጃቸው ጋር ሊኖሩ በቅርቡ መጥተዋል። ሃንኮው ተወልደው በአሥራ አምስት ዓመታቸው ነው የወጡት፤ ታላቅ እህታቸው እዚያው ቀርተዋል። አሁን ዘጠና ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ እሁድ በሁለቱ አምልኮ መሐል የልደት ምሳ ይደረግላቸዋል። ሃንኮው የኖረ ኢትዮጵያዊ እዚህ እንዳለ ሰምተው ስለ ሰፈራቸው አንድ ነገር ሊጠይቁት ይፈልጋሉ። አቶ በፈቃዱ ይህን ሲሰሙ በማስታወቂያ ሰዓት ማይክ ያዙ። «በመጪው እሁድ ወንድም ፀሐዩ ለሰፈሩ ልጅ ስለ ሰፈሩ ያጫውታል፤ የምትችሉ ቀደም ብላችሁ ኑ» አሉ። ጉድ ፈላ።

እውነቱን የምታውቀው ሚስቱ ብሩክታይት ብቻ ነበረች። ቤት ሲገቡ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ሳቀችበት።

«ኮል አድርግና ካንስል አድርገው። ሲክ ነኝ በል።»

«በፈቃዱ አናውንስ አደረጉት እኮ! ጸሎት ሊያደርጉልኝ ቤት ድረስ ይመጣሉ።»

«እንግዲያማ የሚጠይቁህን ሁሉ አዎ አለ፣ ደህና ነው በልና ተገላገል። ዘጠና ዓመታቸው ነው፤ ደስ ቢላቸው ማንን ትጎዳለህ?»

ፀሐዩም ይህን ተቀበለ። ሳምንቱን ሙሉ ሜትሮ ጣቢያ ተሳፋሪ ሲጠብቅ በስልኩ የሃንኮውን መንገዶች ሲያጠና ከረመ። ለመመረቂያው ፈተና እንኳ እንዲህ አላጠናም።

እሁድ ቤዝመንቱ አዳራሽ ሞላ። ስምንት ሽማግሌዎች ከነሚስቶቻቸው መጥተው ከፊት ተቀመጡ፤ ልጃቸውን ሊያስመርቁ የመጡ ነበር የሚመስሉት። ወይዘሮ ዌን ቀይ ሹራብ የለበሱ ደቃቃ ሴት ናቸው። ፊታቸው የልደታቸው ኑድል ሳይነካ ተቀምጧል፤ ልጃቸው ከወንበራቸው ኋላ ቆሟል። ፀሐዩ ጎንበስ ብሎ በቻይንኛ ሰላም ሲላቸው የእጁን አንጓ ለቀም አድርገው ያዙት። አቶ በፈቃዱ «ሃሌሉያ» አሉ።

አሮጊቷ ቀስ እያሉ፣ እንዲገባው እየደጋገሙ ተናገሩ። «ከጉምሩኩ ጀርባ፣ ሦስተኛው መንደር። የድንጋይ በር ያለው ቤት ነው። እህቴን እዚያ በር ላይ ነው የተሰናበትኳት። አንተ በነበርክበት ጊዜ ወደ ስልሳ ይሆናት ነበር። በሩ ነበረ? በሩ ላይ የምትቀመጥ ሴት አይተሃል?»

መልሱ አንዲት ቃል ናት። ፀሐዩ አፉን ከፈተ። ቀና ሲል የልጃቸውን ፊት አየ። ልጅየው ከእናቱ ጀርባ ሆኖ ዓይኑን ጨፈን ከፈት እያደረገ፣ ጭንቅላቱን ይነቀንቅለታል። አዎ በላቸው ነው የሚለው።

ፀሐዩ ይህን ምልክት ያውቀዋል። ትምህርቱን ሊጨርስ ዓመት ከሁለት ወር ሲቀረው እናቱ ሞተው ነበር። ማንም አልነገረውም። ወንድሙ በየወሩ «እማማ ሰላም ትልሃለች» ብሎ ይጽፍለታል። የሐር ሻርፕ ቢልክላቸው «ለበሰችው፣ አማረባት» ብሎ መለሰለት። አብረውት የሚማሩት የአገሩ ልጆችም ሰምተው ኖሮ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ አብረውት ይስቁ ነበር። አገሩ ገብቶ መርዶውን ሲነግሩት እንደማንም ሰው አለቀሰ። ከዚያ በኋላ ዓመታት ሙሉ ያንገበገበው ግን ሞታቸው ብቻ አልነበረም። ለሞተ ሰው ዓመት ከሁለት ወር ሙሉ ደህና ነሽ ወይ እያለ መጻፉ ነው። ሁሉም ያደረጉት ለእሱ አዝነው ነበር፤ ቢሆንም አንዳቸውንም እስከ ዛሬ ከልቡ አላመሰገናቸውም።

«አላውቅም» አለ።

ከዚያ በዚያው ቻይንኛ ቀጠለ። «ሃንኮው አልኖርኩም። የኖርኩት ማዶ ነው፣ ዉቻንግ። አራት ጊዜ ብቻ ነው የተሻገርኩት፤ አንድም ጊዜ ከጉምሩኩ አላለፍኩም። ሰው ከቦ ያፈጥብኝ ስለነበር እፈራ ነበር።»

ሚስተር ሊንና ወገኖቹ ይህኛው ቻይንኛ አልገባቸውምና ሊን ምን እንዳለ ጠየቀው። በእንግሊዝኛ ደገመላቸው። አቶ በፈቃዱ ደግሞ «ምን አለ? ምን አለ?» እያሉ ወንበራቸውን አስጠጉ። በአማርኛ ደገመላቸው። ሰው ሁሉ የሚዋረደው በአንድ ቋንቋ ነው፤ ፀሐዩ በሦስት ተዋረደ።

አቶ በፈቃዱ «ታዲያ ጎርፉስ?» አሉ።

«ጎርፉን አንብቤ ነው፣ ጋሼ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀና ብሩክታይት ዞራ በዓይኗ ዝም አሰኘችው። ፀሐዩ ያኔ ወለሉ ተከፍቶ ቢውጠው አይጠላም ነበር። አሮጊቷ ግን የያዙትን አንጓ አልለቀቁም። አልተቆጡምም። ሰው ረጅም መንገድ ሄዶ ከደረሰ በኋላ እንደሚተነፍሰው ተነፈሱ።

«ልጄ በሩ አለ ይለኛል» አሉ። «የልጅ ልጄ ሄዶ አይቶታል፤ አለ ይለኛል። እህትሽም ደህና ናት፣ አርጅታ መጻፍ አቅቷት ነው ይሉኛል። ጎረቤት የነበረ ሰው ሁሉ ስጠይቀው አለ ነው የሚለው። በሩ ላይ ምን እንደተቀረጸ ግን አንድም ሰው ነግሮኝ አያውቅም። አላውቅም ያልከኝ አንተ ብቻ ነህ።»

ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«እህቴ መቼ ነው የሞተችው?»

ልጃቸው ሚስተር ሊንን አየ፣ ፀሐዩን አየ። ወንበሩን ዞሮ መጥቶ እናቱ እግር ሥር ቁጢጥ አለና ዓመቱን ነገራቸው። ከሞቱ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። አሮጊቷ የፀሐዩን አንጓ ጥብቅ አድርገው ይዘው አንገታቸውን ደፉ።

ሽማግሌዎቹ ከሰሙት ቋንቋ አንዲት ቃል አልገባቸውም። መርዶን ለማወቅ ግን አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። አቶ በፈቃዱ ተነሥተው ወንበራቸውን ጎተቱና ከአሮጊቷ አጠገብ ተቀመጡ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሏቸው፤ ሴቶቹ በአንድ በኩል፣ ወንዶቹ በሌላ በኩል፣ ድምፅ ሳያሰሙ። የቻይናዎቹም ሰዎች ይህን አይተው ወንበራቸውን እየሳቡ መጡ። አዳራሹ ልደት መሆኑ ቀርቶ ለቅሶ ቤት ሆነ።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት በላቸው» አሉ አቶ በፈቃዱ በሹክሹክታ። ከዚያ ትንሽ አሰብ አድርገው «ይሄንንስ ታውቀዋለህ?» አሉት።

አያውቀውም። የውሃ ምህንድስና መጻሕፍት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አልተጻፈም። የዉቻንግ ተማሪዎች ምግብ ቤት ሴቶች ግን ከቤቱ ክፉ ደብዳቤ የደረሰው ልጅ ሲያዩ ሳህኑን ወደ እሱ ገፋ አድርገው የሚሉት አንድ ነገር ትዝ አለው። ነፃ እጁን ዘርግቶ የኑድሉን ሳህን አስጠጋላቸው።

«ትንሽ ይቅመሱ፣ እማማ» አለ በቻይንኛ። «ይቀዘቅዛል።»

አሮጊቷ አንጓውን ለቀቁና ቾፕስቲኩን አነሡ።