የሰኔ ቢስባስ

በሰኔ ወር ድሬዳዋ ውስጥ ቀትር ላይ ምድጃ የሚለኩስ ሰው ጤንነቱ ያጠራጥረኛል። ነፋሱ ራሱ ከእሳት ላይ የወረደ ይመስላል፤ ቆርቆሮው ይንጣጣል፤ ዶሮዎቹ ክንፋቸውን ከፍተው ከፓፓያው ሥር ይጋደማሉ። እኔ በዚያ ወር ጧት ማልጄ ሩዝ ወይም ድንች ቀቅዬ ከድኜ አስቀምጣለሁ። ለቀትር የሚቀረኝ መክተፍ ብቻ ነው፦ ቲማቲም፣ ኪያር፣ ቃሪያ፣ ሽንኩርት፣ ላዩ ላይ ሎሚ። ቢላዬ ስለት ካለው ምሳው በአሥር ደቂቃ ይደርሳል።

ይህን የምለው ባለሙያ ስለሆንኩ አይደለም። ባጃጅ ነጂ ነኝ። ሃምሳን ካለፍኩ ቆይቻለሁ። ሚስት ነበረችኝ፣ አሁን የለችኝም፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ጸባዬን የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። ጧት እሠራለሁ፤ ቀትር ላይ ከተማው ጭር ሲል እኔም ባጃጄን ጥላ ሥር አቁሜ እገባለሁ፤ ሙቀቱ ሲበርድ ተመልሼ እወጣለሁ። ተራ የምንጠብቅበት ቦታ ያሉ ጓደኞቼ ዘይትና ነጭ ሽንኩርት ይዤ ካዩኝ "አቦ እትዬ፣ ዛሬስ ምን ሠራሽልን?" ይሉኛል። በፊት እሰድባቸው ነበር፤ አሁን የሠራሁትን እነግራቸዋለሁ፣ ምራቃቸውን ይውጣሉ።

ወጥ ቤቱን የተረከብኩት ባለፈው ዓመት ነው። ግንቦት ላይ እናቴ የደም ግፊት ተነስቶባት ሐኪም ቤት ሰነበተች። ስትወጣ ጨው ተከለከለች፤ የምትውጠው ኪኒን ደግሞ አፏን አበላሸባት። "የበላሁት ሁሉ ሬት ሬት ይለኛል" አለች፤ ከዚያም መብላት ተወች። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። ሳህኑን በጣቷ ጫፍ ወደ እኔ ገፋ ታደርገዋለች፣ በቃ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ቀሚሷ ሰፍቷት ከትከሻዋ ላይ ይንሸራተት ጀመር። ሐኪሙ በቀጠሮዋ ቀን መዘናት፤ ወደ ጎን ወሰደኝና "ካልበላች መድኃኒቱ ብቻውን አያድናትም" አለኝ። እንዲህ ያለ ነገር ለሰው የሚነገረው ቆሞ ነው እንዴ? መቀመጫ ፈልጌ ተቀመጥኩ።

ከቤታችን ጀርባ እሷው የተከለቻት ጓሮ አለች። ሁለት መደብ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ቆስጣ፣ አጥር ላይ የሚሳብ ኪያር፣ ከቧንቧው ሥር ናና፣ ጥግ ላይ አንድ የሎሚ ዛፍ። እሷ ስትተኛ ውሃ ማጠጣቱ በእኔ ላይ ወደቀ። ፀሐዩ ቅጠሉን እንዳያቃጥለው በጆንያ ዳስ ሠራሁላቸው። ጧት ገና ሳይሞቅ የተቀጠፈ ኪያር እስከ ቀትር ጥላ ውስጥ ውሃ ላይ ቢቀመጥ ሲነከስ ቀጭ ይላል፤ ይህን ያወቅሁት ሃምሳን ካለፍኩ በኋላ ነው።

ጨው የሌለበት ቲማቲም ምን እንደሚመስል ያልቀመሰው አያውቀውም። ያልሞከርኩት የለም። ቀይ ሥር ቀቅዬ በሎሚና በነጭ ሽንኩርት አሸሁት። ኪያሩን ስስ አድርጌ ቆርጬ ናና በተንኩበት። ቆስጣውን ለብ አድርጌ ብቻ አውጥቼ ዘይትና ቃሪያ ጨመርኩበት። ሎሚው ቀድሞ ከሽንኩርቱ ጋር ሩብ ሰዓት ከቆየ ሽንኩርቱ ጣፈጥ እንደሚል ደረስኩበት። ለእኔ ሁሉም ጥሩ ነበር። ለእሷ ሬት ነበር። ሳህኑ ተመልሶ ይመጣል፣ እኔም በንዴት ቆሜ እበላዋለሁ። እሷ ስትከሳ እኔ ወፈርኩ።

በዚህ ላይ የሰኔ ጾም ገባ። ብዙ ሰው የቄስ ጾም ነው እያለ የሚያልፈውን ጾም እናቴ ከልጅነቷ ጀምሮ ትጾመዋለች። የንስሐ አባቷ ሊጠይቋት መጥተው ነበር። "በሽተኛ ነሽ፣ ያገኘሽውን ሁሉ ብዪ፣ ፈቅጄልሻለሁ" አሏት። "እሺ አባቴ" ብላ መስቀል ተሳለመች። በሩን ዘግቼ ስመለስ "እሳቸው ደግ ናቸው" አለችኝ፤ እንደማትበላ በዚያ ገባኝ።

አሁን ስለ ጎረቤታችን ልናገር። ግንብ ለግንብ ነን። ባሏ የጅቡቲን መንገድ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፣ እሷ ጨርቅ ትሸጣለች። እኛ አባዮ እንላታለን፤ በሶማሊኛ እህቴ እንደማለት ነው። ሃያ ዓመት ስንኖር ሥጋ በዚያ ግንብ ላይ ተሻግሮ አያውቅም፤ እነሱ ሙስሊም ናቸውና በእኛ ቢላ የታረደ አይበሉም፣ እኛም በእነሱ። የሚሻገረው አትክልት ነው። ፓፓያ፣ ቲማቲም፣ ሎሚ፣ በበዓል ቀን ሰላጣ በትልቅ ሳህን። ከቃሪያ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከድንብላል ቅጠልና ከሎሚ የምትፈጨው አረንጓዴ ማባያ አላት፤ ቢስባስ ይሉታል። በሩዝ ላይ ጠብ አድርገው፣ ሙዝ እየገመጡ ይበሉታል። እኛም ከእነሱ ለምደን ያለ ሙዝ ሩዝ አንበላም።

የእናቴን ነገር ስታይ "ቆይ እኔ ልሞክራት" አለችኝ። እኔም በግንቡ ላይ ቃሪያ እያቀበልኳት እንደ ዋዛ "ቄሱም ሁሉን ብዪ ብለው ፈቅደውላታል" አልኳት። ቀጥዬ መናገር የነበረብኝን አልተናገርኩም፤ ስልኬ ጠራ፣ ደንበኛ ነበር፣ ሄድኩ።

በማግሥቱ ቀትር ላይ ቢስባሱ በጎድጓዳ ሳህን በግንቡ ላይ መጣ። እናቴ በማንኪያ ጫፍ ቀመሰች። ደገመች። ከዚያ ሩዙን ሳብ አደረገችው። ከወር በላይ ያላየሁትን ነገር አየሁ፤ እናቴ አኘከች። "ይሄ ምላሴን ቀሰቀሰው" አለች። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ፤ ላብ ነው አልኩ ለራሴ።

እንዲህ እያለች ሰባት ቀን በላች። ጉንጯ ላይ ቀለም መጣ፣ ጓሮ ድረስ ወጥታ ጆንያዬን ተቸች። ማባያው ቀለሙ ነጣ ያለ ነበር፤ ነጭ ሽንኩርቱ በዝቶ ነው ብዬ አልፌዋለሁ። በስምንተኛው ቀን ሳህኗን ልመልስ በበሯ ስገባ አባዮ ወጥ ቤቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ፣ እህቷ ከጀልዴሳ ገጠር ካመጣችላት ዕቃ የፍየል እርጎ እየቀዳች ከተፈጨው ቃሪያ ጋር ታማታለች።

ደሜ ፈላ። እኔ ስቆጣ ቃል አልመርጥም፣ ድምፅም አልመጥንም። "ምን አደረግሽን! አሮጊቷን ጾሟን አስፈታሻት!" ብዬ ጮህኩ። ሌላም አልኩ፣ እዚህ የማልጽፈው። አባዮ ዕቃውን እንደያዘች ቀረች። ከንፈሯ ደርቋል። ስጨርስ ቀስ ብላ "ዋላሎ፣ አንተ አይደለህ እንዴ ቄሱ ፈቅደውላታል ያልከኝ?" አለች፤ ዋላሎ ወንድሜ ማለቷ ነው።

"ፈቅደውላታል! እሷ ግን እምቢ ብላለች!"

"እሱን መቼ ነገርከኝ?"

አልነገርኳትም። በእነሱ ዘንድ የታመመ ሰው እንዲበላ ተፈቅዶለታል፤ ከተፈቀደለት ይበላል፣ ሲድን ቀኑን ቆጥሮ ይጾመዋል። የተፈቀደለትን አልፈልግም የሚል በሽተኛ አለ ብላ በምን ታስበው? እርጎውን የጨመረችው ጨው ስለሌለው፣ የቃሪያውን እሳት አብርዶ እንዲጣፍጥላት ነበር። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ይቅርታ ማለት ግን አልችልበትም፤ ሳህኑን ደፍ ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።

እናቴ በግንቡ ማዶ ጓሮ ውስጥ ተቀምጣ ሁሉንም ሰምታለች። ምሳዋን ሳቀርብላት ሳህኑን በጣቷ ጫፍ ገፋ አደረገችው።

ሁለት ቀን ሙሉ ከሻይና ከኪኒን ሌላ በአፏ አልዞረም። ቀይ ሥሩን ሞከርኩ፣ ኪያሩን ሞከርኩ፣ ተለማመጥኩ፣ ተቆጣሁ። ሐኪሙ ያለኝ ቃል ባጃጅ ውስጥም፣ ቲማቲም መደብ ላይም ይከተለኛል። እናቴን በምላሴ ልገድላት ነው ብዬ አሰብኩ።

በሦስተኛው ቀን፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ግድም፣ አባዮ ሙቀጫዋን በብብቷ ይዛ በበራችን ገባች። እኔን አላየችኝም። እናቴ ፊት ምንጣፍ ላይ ቁጭ አለችና ሁሉንም በዓይኗ ሥር ዘረገፈችው፤ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ድንብላል፣ ሎሚ፣ በእርጎው ፈንታ የተቆላ የባቢሌ ለውዝ። "እይ እማማ፣ እንስሳ የነካው ነገር የለበትም" አለቻት። በድሬ አንቱታ ብዙም የለም፤ በፍቅር አንቺ ነው። ወቀጠች፣ ጨመቀች፣ ላቧ በግንባሯ ይወርዳል። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝና "ና ቅመስልኝ፣ ሎሚው በዝቶ እንደሆነ" አለችኝ።

"ራስሽ አትቀምሽውም?" አለች እናቴ።

"ጾመኛ ነኝ።"

"ረመዳን አልፎ የለ?"

"በረመዳን ታምሜ የበላኋቸው ቀናት አሉ። እነሱን እየጾምኩ እያወጣሁ ነው።"

"ከመቼ ጀምረሽ?"

አባዮ በጣቷ ቆጠረች። "ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀኔ ነው።"

እኔም ቆጠርኩ። ጾሙን የጀመረችው ቢስባሱን ባመጣችበት በመጀመሪያው ቀን ነበር። በዚያ ንዳድ፣ ውሃ እንኳ በአፏ ሳይዞር፣ ቀትር ላይ ለሰው እናት ቃሪያ ስትወቅጥ ከርማለች፤ አንድም ቀን ሳትቀምሰው። የጮህኩባትም በጾም አፏ ነው። ከንፈሯ የደረቀው ለምን እንደነበር አሁን ገባኝ። የምገባበት ጠፋኝ።

እናቴ ግን ሌላ ነገር ይዛለች። "ስትታመሚ በረመዳን በላሽ?"

"በላሁ።"

"አላፈርሽም?"

አባዮ ሳቀች። "ማንን ነው የማፍረው እማማ? ብዪ ያለው አላህ ነው። እኔ ከእሱ በላይ ላውቅ ነው?"

እናቴ ጣቶቿን በቀሚሷ ጫፍ ታሻቸዋለች፤ ስታስብ እንዲህ ታደርጋለች። ከዚያ ሙቀጫውን ወደ እኔ አቅጣጫ በዓይኗ አሳየችና "የለውዙን ለዚህ ጯሂ ስጪው" አለች። "ለእኔ እንደ ፊቱ አድርጊልኝ፣ በእርጎው። አባቴ ብዪ ብለውኛል። ስድን እንዳንቺ ቆጥሬ እጾመዋለሁ።" በእኛ ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ያለ ሥርዓት ይኑር አይኑር አላውቅም። በኋላ ለንስሐ አባቷ ስነግራቸው ጥምጥማቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ።

"ይቅር በይኝ አባዮ" አልኩ። በሕይወቴ ስንቴ ይህን ቃል እንዳልኩ በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራል። "አቦ ተወው፣ ይልቅ ሩዙን አሙቅ" አለችኝ፤ ቂም የማያውቅ ሰው ፊት መቆም እንደዚያ ቀን ከብዶኝ አያውቅም።

ሩዙን አሞቅኩ፤ አባዮም እርጎ ከቤቷ አምጥታ ቢስባሱን እንደ ፊቱ አማታች፤ ሳህኑን ለእናቴ ሳቀርብላት ግን በመዳፏ ከደነችው። "ስንት ሰዓት ነው የምትፈቺው?" ብላ ጠየቀቻት። "መግሪብ ሲል" አለች አባዮ። "እንግዲያው እጠብቅሻለሁ።" ለመንናት፤ መድኃኒትሽ አለ፣ ደክመሻል አልናት። የምትሰማ አይደለችም፤ ይህ ጸባይ ከማን እንደመጣብኝ ግልጽ ነው። ስለዚህ ጓሮ ገብቼ ቀሪውን ቲማቲም ቀጠፍኩ፣ ኪያር ቆረጥኩ፣ ሎሚ ጨመቅሁ፣ ሙዝ ላጥኩ። ፀሐይዋ ቀስ ብላ ዘቀዘቀች።

አዛኑ ሲሰማ አባዮ ተምሯን አነሳች። እናቴ መዳፏን ከሳህኑ ላይ ያነሳችው አባዮ ውሃዋን ጠጥታ ስትጨርስ ነው። ከዚያ ሁለቱ ሴቶች አብረው በሉ፤ ሩዙን፣ ቲማቲሙን፣ ቢስባሱን፣ ሙዙን። እኔ የወጥ ቤቱን በር ተደግፌ ቢላዬን ይዤ ቆሜያለሁ፤ የምከትፈው ነገር ግን አልነበረኝም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ እላለሁ በልቤ፤ ለማን እንደምል አላውቅም፣ ለሁሉም።

እናቴ ሳህኑን በጣቷ ጫፍ ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። ዝቅ ብዬ ሳየው ባዶ ነው።

"ጨምርልኝ" አለች።

"ከየቱ?" አልኳት።

"ከሁሉም።"