«መንገዱን ዝጉት»

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ወለሉን ነው። ሲሚንቶው መሃል ለመሃል ተሰንጥቆ አብጧል፤ በስንጥቁ ጥቁር አፈር ብቅ ብሏል። «ከሥሩ ዋልካ ነው፤ ሳያክሙት ነው የሠሩበት» አልሁ በልቤ። እንግዲህ የሰውን ነገር እዩት! ክንዴን ይዘው እስር ቤት እያስገቡኝ እኔ ስለ ወለል አስባለሁ። ድንጋጤ እንዲህ ያደርጋል ለካ።

በቁንዝላ በኩል በሚሠራ መንገድ የቀን ሠራተኞች ካቦ ነበርሁ። ውሃ በመቅዳት ጀምሬ፣ ያየሁትን ሁሉ «ይህ ለምንድን ነው?» እያልሁ ነው ሥራውን የለመድሁት። የዚያ አገር መሬት ዋልካ ነው፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ መንገድ አይሸከምም። ገረጋንቲ የሚባለውን ጠጠራማ አፈር ከሩቅ ማመላለስ ውድ ስለሆነ፣ እዚያው ያለውን አፈር ከኖራ ጋር ደባልቀን፣ ውሃ አጠጥተን፣ በመዳመጫ እንጠቀጥቀዋለን። ከዚያ እስኪጠና ድረስ መኪና ሊረግጠው አይገባም። ከተረገጠ ያ ሁሉ ልፋት ከንቱ ነው።

የዚያን ዕለት ኖራ ላስጭን ባሕር ዳር ገብቼ ነበር። ስመለስ ኬላው ላይ ስልካችንን አምጡ ተባልን። ፈታሹ የእኔን ሲያነብ ቆየና ቀና ብሎ አየኝ።

«ውረጂ።»

በቃ፣ ይኸው ነው። ፊቴ በኖራ እንደነጣ ወረድሁ።

ክፍሉ ድሮ መጋዘን የነበረ ነው፤ ከሐይቁ ዳር ስለሆነ የረጠበ ደንገል ይሸታል። ከጥግ አንዲት እማሆይ ተቀምጠዋል፤ የደቅ ደሴት ሰው ናቸው። ለማያውቁት መንገደኛ ማደሪያ ሰጡ ተብለው ነው የተያዙት።

«ላንድ አፍታ፣ ለማጣራት ነው ብለው አመጡኝ» አሉኝ። «ልጄ፣ ጠላ እንኳ ይህን ያህል አይጣራም! ለመሆኑ ይህ ፊትሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«ኖራ ነው፣ እማሆይ።»

«ውይ! ኖራ እኔ የማውቀው መቃብር ሲቀቡበት ነው።»

«እኛ ዋልካ እናጠጣዋለን።»

«ጠጥቶስ ምን ይሆናል?»

«ይረጋጋል።»

ወደ በሩ በአገጫቸው አመለከቱ። «እንግዲያማ ለእነዚህም በጥብጠሽ ስጫቸው!»

ሳቄ አመለጠኝ። ጠባቂው በሩን ደበደበ። እማሆይም በነጠላቸው ጫፍ ፊቴን ይጠርጉልኝ ጀመር። «እንዲህ ሆነሽ አትቅረቢያቸው» አሉ።

ወዲያው ተጠራሁ። መርማሪው ወጣት ነው፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም። ስልኬን ይዞ አነበበልኝ፦

«መንገዱን ዝጉት። አንድም መኪና እንዳያልፍ። እኔ ሳልመጣ እንዳትከፍቱ።»

በእሱ አፍ ስሰማው ሌላ ነገር ሆነብኝ። የእኔው ቃል ነው፣ አንድ ፊደል አልጨመረበትም። ግን በዚህ ጊዜ፣ በዚህ አገር፣ መንገድ ዝጉ ብሎ ማዘዝ ምን እንደሚባል ማን ያጣዋል? ስጽፈው እኮ አንድም አልታሰበኝ! እኔ የታየኝ አፈሩ ብቻ ነበር።

«የአንቺ ነው?»

«የእኔ ነው። አፈሩ እንዲጠና ነው፣ ጌታዬ። የኖራ ሥራ ነው።»

«የላክሽው ‹ልጆች› ብለሽ ለመዘገብሽው ቁጥር ነው። ልጆቹ እነማን ናቸው?»

ልጆቹ አብረውኝ የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። ስልኩ የሁላቸውም ነው፤ ተራ የደረሳት ትይዘዋለች። አንዷ አራስ ናት፤ ሕፃኗን ከዋርካው ሥር አስተኝታ ነው ውሃ የምትረጨው።

«ስማቸውን ስጪኝ። አጣርተን አንቺን ዛሬውኑ ወደ ቤትሽ እንሸኝሻለን።»

ቤቴ ታየኝ። የልጄ ፊት ታየኝ። አፌም ሊከፈት ነበር፣ አልዋሽም። ግን «አጣርተን» ያላት ቃል ጆሮዬ ላይ ቀረች፤ እማሆይ ከነነጠላቸው ታዩኝ።

«ያዘዝሁት እኔ ነኝ» አልሁት። «እኔ ደግሞ ይኸው እጃችሁ ላይ ነኝ።»

«የታዘዙትስ?»

«እነሱን አላውቃቸውም።»

ቀና ብሎ አየኝ። ውሸት መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። ወደ ክፍሉ መለሱኝ፤ እማሆይም ጠጋ ብለው ካጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝ። ያን የተሰነጠቀ ወለል እስክለምደው ድረስ ቆየሁ።

በኋላ፣ ምክንያቱን ሳይነግሩኝ እንዳስገቡኝ ሳይነግሩኝ አስወጡኝ። እማሆይን እዚያው ትቼ መውጣቴ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል፤ ደቅ መመለሳቸውን የሰማሁት ቆይቶ ነው።

ልጄን አቅፌ እንደጠገብሁ ወደ መንገዱ ሄድሁ። ተረግጦ፣ ተቦዳድሶ ነው የጠበቅሁት። ደርሼ ባየው አንድ የጎማ ምልክት የለበትም። ሴቶቹ መያዜን ሲሰሙ ፈርተው መንገዱን የዘጉበትን ድንጋይ አንስተዋል። ከዚያ ግን በድንጋዩ ፋንታ ራሳቸው በየተራ ቆመው፣ ሾፌሩን ሁሉ «ወንድሜ፣ በዳር በዳሩ እለፍልን» ሲሉ ሰነበቱ። አራሷም ልጇን አዝላ ቆማለች። ሜዳው ላይ ዝርፍጥ ብዬ ተቀመጥሁ።

ዛሬ በዚያ መንገድ ሳልፍ ሚኒባሱ እዚያች ቦታ ላይ አይንገጫገጭም፤ ከጎኔ ያለው ሰው ተኝቶ ያልፋታል። አሁንም ካቦ ነኝ። «ዝጉት» ግን አልልም፤ «አሳርፉት» ነው የምል። የሴቶቹን ስም ደግሞ፣ እዚህም ቢሆን፣ አላውቀውም።