አክስቴ ሦስት ጊዜ የጠየቁት ዕረፍት

አክስቴ ሩቅ ከተማ ባለ ሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ ነበሩ። በሽተኛ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቁት የቤት ስሙን ነበር። ራሱን የሳተውን እንኳ ጆሮው ሥር ጎንበስ ብለው፣ «አያ ገብሬ፣ አሁን ጎንህን ላዞርህ ነው» ይሉታል። እኔንም አሳድገው፣ አስተምረው፣ አጠገባቸው ያሠሩኝ እሳቸው ናቸው።

አንድ ጠዋት ግን አንዲት እናት ስለ ልጇ ስትጠይቃቸው፣ «ሦስት ቁጥር አልጋ ሞቷል» አሏት። ሴትዮዋ መሬት ላይ ስትወድቅ ቆመው አዩዋት። ኋላ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ተቀምጠው፣ «ልጄ፣ ምንም አልተሰማኝም። እንዲህ ሆኜ ሰው ማስታመም አይገባኝም» አሉኝ።

በዚያው ቀን ዕረፍት ጠየቁ። አለቃችን፣ «ሲስተር፣ እርስዎ እኮ ጠንካራ ነዎት» ብሎ መለሳቸው። ሁለት ጊዜ ደግመው ጠየቁ፤ ሁለቴም ያንኑ አላቸው። ከዚያ ወዲህ የማንንም የቤት ስም ሲጠይቁ አልሰማሁም። በመጨረሻ ታመው አልጋ ያዙ፤ አልተነሱም። ዛሬ በዚያ ክፍል በሽተኛን በቤት ስሙ የሚጠራ የለም።

ትውልድ አገራቸው ላሊበላ ወስደን ቀበርናቸው። አለቃችን በጋሸና በኩል መጥቶ ለቅሶ ደረሰ። ድንኳኑ ውስጥ ተነስቶ ስለ ትዕግሥታቸው ሲናገር ሰው አለቀሰ፤ እኔ ጥርሴን ነክሼ ሰማሁት። ሊወጣ ሲል አጠገቤ ቆሞ፣ «እግዜር ያጥናሽ» አለና ድምፁን ቀንሶ፣ «በሳቸው ቦታ አንቺን መድበናል፤ ሰኞ ትገቢያለሽ አይደል?» አለኝ።

«አልገባም። ዕረፍት ስትከለክላቸው እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር።»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማሻል።»

«ይስማ» አልኩትና ተነስቼ፣ ሦስቱንም ጊዜ ያላቸውን ለለቀስተኛው ነገርኩ።